በኑዛዜና በመሬት ውል ውስጥ ዘር መቁጠር፦ የቅኝ ግዛት ዘመን ቨርጂኒያ

ቨርጂኒያ ውስጥ ቤት የገዛ ሰው ክሎዚንግ የሚሉትን፣ ግዢው የሚጠናቀቅበትን ቀን አይረሳውም። ጠረጴዛው ላይ የወረቀት ክምር ይቀርባል። እጅ እስኪዝል ይፈረማል። ከክምሩ መሃል ስለ ታይትል፣ ማለትም ስለ ባለቤትነት መብት የሚያወራ ወረቀት አለ። እኔ ሳላነበው ነበር የፈረምኩት። ማታ ቤት ገብቼ ገለጥ ሳደርገው ግን ገረመኝ። ቤቱን የሸጠልን ሰው ከማን እንደገዛው፣ ያኛውስ ከማን እንዳገኘው፣ መሃል ላይ የሞተ ባለቤት ካለ ማን እንደወረሰው ወደ ኋላ እየተቆጠረ ተጣርቷል። አጣሪዎቹ ጥቂት አስርት ዓመታት ሄደው ያቆማሉ። መንገዱ ግን እዚያ አያልቅም። ሰንሰለቱን ይዞ የሄደ ሰው መሬቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በእንግሊዝ ንጉሥ ስም እስከተሰጠበት ቀን ድረስ ሊደርስ ይችላል።

የቅኝ ግዛት ዘመን ዘመዶቻቸውን የሚፈልጉ አሜሪካውያን የሚሄዱት በዚሁ መንገድ ነው። በመሬትና በውርስ። እንዴት እንደሚሄዱበት ላስረዳ። ምሳሌዬ ቨርጂኒያ ናት፤ የምኖረው እዚሁ ነው፣ መዝገቡም ከ1600ዎቹ ጀምሮ አለ። ካልጠቀስኩ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወደዚህ ነገር የገባሁት በአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ምክንያት ነው። ጥቁር አሜሪካዊት ናት፤ ቤተሰቦቿ የፌርፋክስ አካባቢ ሰዎች ናቸው። አንድ ቀን ምሳ ላይ ስለ አያቶች ስናወራ ሰባት ቤት ቆጠርኩላት። ዝም ብላ ሰማችኝና «እኔ ከ1870 ወዲያ አላልፍም» አለችኝ። በ1870 የተደረገው የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ከባርነት የወጡትን ሰዎች ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ በየስማቸው የመዘገበ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩትን የት እንደምትፈልጋቸው አታውቅም ነበር። እኔም አላውቅም። አብረን ተማርን።

ለምን መሬትና ውርስ?

የልደት ምስክር ወረቀት አይጠበቅ። ቨርጂኒያ ልደትና ሞትን በመንግሥት ደረጃ መመዝገብ የጀመረችው በ1853 ነው። የመጀመሪያው የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ በ1790 ተካሄደ፤ የቨርጂኒያው ግን ጠፍቷል። እስከ 1840 የነበሩት ቆጠራዎች ደግሞ በስም የሚጠሩት አባወራውን ወይም እማወራዋን ብቻ ነው። የቀረው ቤተሰብ ቁጥር ነው። የጥምቀት መዝገቦችም አብዛኞቹ አልተረፉም።

የተረፈው የካውንቲ (እንደ እኛ ወረዳ ያለ የግዛት ክፍል) ፍርድ ቤት መዝገብ ነው። የተረፈውም ንብረት ስላለበት ነው። ሰው የልጁን የልደት ቀን ቢረሳ ማንም አይከሰውም። የመሬቱ ወሰን ከጠፋ ግን ጠብ አለ፣ ክስ አለ፣ ግብር አለ። ስለዚህ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ውሉንም ኑዛዜውንም በትልቅ መዝገብ ላይ ቃል በቃል እየገለበጠ ያስቀምጥ ነበር።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አባቴ ያደገው ጎጃም ነው። እዚያ ርስት የሚጠይቅ ሰው ሽማግሌ ፊት ቆሞ በአባትም በእናትም በኩል እየቆጠረ እስከ ዋናው አባት መድረስ ነበረበት። ቆጠራው መሃል ላይ ከተበጠሰ መሬት የለም። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲወጣ ያ ሙግት አበቃ፤ የአባቴ ትውልድ ግን ቆጠራውን አልረሳም። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለው አባባል ከባዶ አልመጣም። ዘር የተቆጠረው መሬት ስላለ ነው። ቨርጂኒያም እንደዚያው ነው፤ ልዩነቱ እኛ ዘንድ አብዛኛው በቃልና በወንጌል ኅዳግ ላይ ሲቀመጥ እነሱ ዘንድ በካውንቲ መዝገብ መቀመጡ ነው።

ስለዚህ አንድ ወረቀት ባገኘሁ ቁጥር መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው፦ ለምን ተጻፈ? ማን ምን እንዳያጣ? ጸሐፊው ለልጅ ልጅ ታሪክ ላቆይ ብሎ አልጻፈም። የተጻፈው ሁሉ ለንብረት የሚያስፈልገው ብቻ ነው። የማያስፈልገው ተዘሏል። የተዘለለው ሰው አልነበረም ማለት ግን አይደለም።

መጀመሪያ ካውንቲው ራሱ ዘር አለው

ጀማሪ የሚስተው እዚህ ነው። አንድ ሰው በ1720 ዛሬ ፌርፋክስ በምንለው ቦታ ኖሮ ሞተ እንበል። ፌርፋክስ ፍርድ ቤት ሄዶ ኑዛዜውን የሚፈልግ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። ፌርፋክስ ካውንቲ የተፈጠረችው በ1742 ነዋ። የወጣችው ከፕሪንስ ዊልያም ነው። ፕሪንስ ዊልያም ደግሞ በ1731 ከስታፎርድ ወጣች። ስታፎርድ በ1664 ከዌስትሞርላንድ፣ ዌስትሞርላንድ በ1653 ከኖርዘምበርላንድ። በ1757 ደግሞ ፌርፋክስ ራሷ ላውደንን ወለደች።

ገበሬው ከቤቱ ሳይንቀሳቀስ ሦስትና አራት ካውንቲ ሊኖር ይችላል። መዝገቡ የሚቀረው በጊዜው በነበረችው ካውንቲ ነው። የእኛ ሰው የሚበዛባት አሌክሳንድሪያ እንኳ በ1749 ተቆርቁራ፣ በ1801 ወደ ዋሽንግተን ዲሲ ተጠቃልላ፣ በ1840ዎቹ ወደ ቨርጂኒያ ተመልሳለች። ስለዚህ ከሰው በፊት የካውንቲውን የዘር ሐረግ ወረቀት ላይ ማስፈር ነው። አሥር ደቂቃ ይወስዳል፤ ወራት ያተርፋል።

የነፍስ ወከፍ መሬት

ከ1618 ጀምሮ ቨርጂኒያ ውስጥ ሄድራይት የሚባል አሠራር ነበር። አንድን ሰው ከባህር ማዶ የመርከብ ዋጋውን ከፍሎ ያመጣ ሰው በነፍስ ወከፍ 50 ኤከር መሬት ይጠይቃል። በእኛ ልኬት ግማሽ ጋሻ ያህል ነው። አሥር ሰው ያመጣ 500 ኤከር። መሬቱ የሚሰጥበት ደብዳቤ ፓተንት ይባላል፤ ከደብዳቤው ሥር የመጡት ሰዎች ስም ይዘረዘራል። እነዚህ ፓተንቶች ሪችመንድ ባለው የቨርጂኒያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ በኢንተርኔትም ይታያሉ።

ስም ዝርዝሩ ልብ ያሞቃል። «አያቴን አገኘሁት፣ በ1650 መጣ!» የሚል ሰው ብዙ ነው። ቀስ ማለት ይሻላል። ያ ዓመት መሬቱ የተሰጠበት ነው። ሰውየው ከዚያ በፊት ብዙ ዓመት ኖሮ ሊሆን ይችላል። የነፍስ ወከፉ መብት ደግሞ እንደ ዕቃ ይሸጥ ነበር፤ መሬቱን የወሰደው ሰው በዝርዝሩ ያሉትን ላያውቃቸውም ይችላል። አንድ ሰው በሁለት ፓተንት ሥር የሚገኝበትም ጊዜ አለ። ወረቀቱ የተጻፈው መሬት ለመጠየቅ እንጂ መንገደኛ ለመቁጠር አልነበረም።

አንድ እውነተኛ ሰው ልጥራ። በ1621 አንቶኒዮ የሚባል አፍሪካዊ ቨርጂኒያ ደረሰ። መዝገቡ ላይ «አንቶኒዮ፣ ኔግሮ» ተብሎ ነው የተጻፈው። ከዓመታት በኋላ አንቶኒ ጆንሰን የሚባል ነጻ ሰው ሆኖ እናገኘዋለን። በ1651 በኖርዝሃምፕተን ካውንቲ 250 ኤከር ተሰጠው። ሁለት ጋሻ ተኩል። ለአምስት ነፍስ። ከአምስቱ ስሞች አንዱ ሪቻርድ ጆንሰን ነው። አንቶኒ ደግሞ ሪቻርድ የሚባል ልጅ ነበረው። ያው ልጁ ነው? ወይስ ስሙ የተመሳሰለ ሌላ ሰው? ፓተንቱ አይናገርም። ጥሩ ፈላጊ እዚህ ላይ የጥያቄ ምልክት አስቀምጦ ያልፋል።

በ1653 መጀመሪያ ላይ ቤቱን እሳት በላው። ቤተሰቡ ለፍርድ ቤት አመለከተ፤ ፍርድ ቤቱም ሚስቱ ሜሪና ሁለቱ ሴቶች ልጆቹ ዕድሜ ልካቸውን የነፍስ ግብር እንዳይከፍሉ ወሰነ። ግብር የሚከፍል ሰው ዕድሜው 16 ና ከዚያ በላይ የሆነ ወንድ ነበር፤ ጥቁር ሴቶችም ይከፍሉ ነበር፣ ነጭ ሴቶች ግን አይከፍሉም። ሚስት እንደነበረችው፣ ሁለት ሴት ልጆች እንደነበሩት የምናውቀው በግብር ጉዳይ ነው። ሌላ ወረቀት ደግሞ አለ፤ በ1655 ፍርድ ቤቱ ጆን ኬሰር የሚባል ጥቁር ሰው የጆንሰን የዕድሜ ልክ ባሪያ ነው ብሎ መልሶ ሰጠው። ይህንንም መዝገቡ ያሳያል፤ አንብቦ መሸከም ነው።

በ1660ዎቹ ቤተሰቡ ወደ ሜሪላንድ ተሻገረ። አንቶኒ ከሞተ በኋላ፣ በ1670፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ጥሎት የሄደውን መሬት ጉዳይ ያዩ ዳኞች ጥቁር ስለሆነ ባዕድ ነው፣ መሬቱ ለመንግሥት ይሁን አሉ። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1677፣ የልጅ ልጁ ጆን ሜሪላንድ ውስጥ 44 ኤከር ገዛ። በዚያ አገር ሰው ለእርሻው ስም ያወጣል፣ ስሙም መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ጆን ለእርሻው ያወጣው ስም «አንጎላ» ነበር።

ይህን ሳነብ ብዙ ቆየሁ። አያትየው ከየት እንደመጣ የሚናገር የልደት ወረቀት የለም። የልጅ ልጁ ግን አገሩን በመሬት ውል ላይ ጽፎታል። ኖርዝሃምፕተን ፍርድ ቤት ከ1632 ጀምሮ መዝገቡ ያልተቋረጠበት ስለሆነ ነው ይህን ሁሉ የምናውቀው።

ሽያጭ፣ ሲሶና የበርበሬ ፍሬ

መሬቱ አንዴ ከተሰጠ በኋላ ይሸጣል፣ ይለወጣል፣ ይወረሳል። የሽያጭ ውሉ ዲድ ይባላል፤ ለትውልድ ቆጠራ ከሁሉ የበለጠ ሀብት እሱ ነው። ሰው መሬት ሲሸጥ «ከየት አመጣኸው?» ለሚለው መልስ መስጠት አለበት። ስለዚህ ውሉ ውስጥ ታሪክ ይገባል። ለምሳሌ ይህን የመሰለ፦ «ይህ መሬት በመጀመሪያ ለአያቴ ተሰጥቶ፣ እሱ ለታላቅ እህቱ ልጅ ሸጦት፣ አባቴ መልሶ ገዝቶት፣ በኑዛዜው ለእኔ ያወረሰኝ…»። በአንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት ትውልድ።

ጀማሪን ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። በ1700ዎቹ ብዙ ሽያጭ በሁለት ቀን፣ በሁለት ውል ነው የሚፈጸመው። የመጀመሪያው ቀን መሬቱ ለአንድ ዓመት ይከራያል፤ ክፍያው አምስት ሽልንግ ነው፣ የዓመቱ ኪራይ ደግሞ አንዲት የቁንዶ በርበሬ ፍሬ። በማግስቱ ሁለተኛው ውል ይፈረማል፤ እውነተኛው ዋጋ ያለው እዚያ ነው። ኪራዩ የእንግሊዝ ሕግ የሚጠይቀውን የርክክብ ሥርዓት ለማለፍ የተገኘ መንገድ እንጂ እውነተኛ ኪራይ አልነበረም። የመጀመሪያውን ብቻ ያነበበ ሰው «ቅድመ አያቴ ድሃ ተከራይ ነበር» ብሎ ይጽፋል።

ሚስት የምትገኘውም እዚህ ነው። ባል ሲሞት ሚስት ከመሬቱ ሲሶውን እስክትሞት የመጠቀም መብት ነበራት። ስለዚህ ባል በሕይወት እያለ መሬት ከሸጠ ገዢው ይፈራል፤ ነገ መበለቲቱ መጥታ ሲሶዬን ብትለውስ? ይህ እንዳይሆን ዳኞች ሚስትን ባሏ በሌለበት ለብቻዋ ይጠይቋታል፤ በፈቃድሽ ነው ወይስ ተገደሽ? መልሷ ይመዘገባል። ስሟም አብሮ። ሌላ ቦታ ስሟ ያልተጠቀሰ ስንት ሴት አለች፣ በዚህች ጥያቄ ምክንያት ብቻ የቀረች!

ሰንሰለቱ የተበጠሰ የሚመስልበት ጊዜም አለ። አባትየው ገዝቶ ነበር፣ ልጁ ሸጠው፤ መሃል ላይ ግን ውልም ኑዛዜም የለም። ቨርጂኒያ ውስጥ ኑዛዜ ሳይተው የሞተ ሰው መሬት በሙሉ ለታላቁ ወንድ ልጅ ነበር የሚያልፈው። ይህ ሕግ የተሻረው በ1785 በወጣ ሕግ ነው። ስለዚህ ያለ ወረቀት መሬት በእጁ የተገኘ ሰው ብዙ ጊዜ ታላቁ ልጅ ነው። ወረቀት ባይኖርም ዝምታው ራሱ ይናገራል። ይህን ወደ ሰሜን ወስዶ መጠቀም ግን ስህተት ነው፤ ማሳቹሴትስ ውስጥ ንብረቱ ለልጆች ሁሉ ይከፋፈላል፣ ታላቁ ወንድ ሁለት እጅ ይወስዳል።

ወሰኑ የሚለካው በዛፍና በጅረት ነው። «ከነጩ ዋርካ ተነስቶ…» ብዬ ልተረጉመው ቃጣኝ፤ ኦክ ዋርካ አይደለም፣ ግን አገልግሎቱ ያው ነው። ከነጩ ኦክ እስከ ቀዩ ኦክ፣ ከዚያ በጅረቱ ዳር እስከ እገሌ ወሰን። ያ «እገሌ» አይናቅ። ጎረቤት ነው። ልጆች ጎረቤት ያገባሉ፣ ጎረቤት ምስክር ይሆናል፣ ጎረቤት ዋስ ይሆናል፣ ቤተሰብ ወደ ሩቅ ሲሰደድም አብሮ የሚሄደው ጎረቤት ነው። በየአራት ዓመቱ የአጥቢያው ሰዎች ወሰኑን በእግር እየዞሩ ምልክቱን የሚያድሱበት ሕግ ነበር፤ የዞሩት ሰዎች ስም በአጥቢያው መዝገብ ይገኛል። አንድ የጠፋ ዘመድ አልገኝ ሲል በዙሪያው ያሉትን ስድስትና ሰባት ሰዎች መከተል ነው። እኔ ይህን ሳላደርግ ያጠፋሁት ጊዜ ይቆጨኛል።

ሲሞት የሚጻፈው

ሰው ሲሞት ወረቀት ይበዛል። ኑዛዜ ካለ ምስክሮቹ ፍርድ ቤት ቀርበው ይምላሉ፤ ኑዛዜው ይጸድቅና መዝገብ ላይ ይገለበጣል። ትክክለኛው የሞት ቀን ብዙ ጊዜ የለም፤ ኑዛዜው በተጻፈበትና በጸደቀበት ቀን መካከል ነው ማለት ይቻላል። መዝገቡ ላይ ያለው ፊርማም የጸሐፊው ግልባጭ ነው፣ የሟቹ እጅ አይደለም።

ኑዛዜ ሁሉንም ልጅ ይጠራል ብሎ ማሰብ አይገባም። በሕይወት እያለ መሬት የሰጠው ልጅ ላይጠቀስ ይችላል። ታላቁ ልጅ መሬቱ በሕግ ስለሚደርሰው ሊታለፍ ይችላል። «አንድ ሽልንግ ይሰጠው» የተባለም የግድ የተጠላ አይደለም፤ ድርሻውን ቀድሞ ወስዶ ይሆናል፣ ተረስቼ ነው ብሎ እንዳይከስ ነው።

የዝምድና ቃላቱም እንደዛሬው እንግሊዝኛ አይደሉም። ዛሬ «ከዝን» የአጎት ወይም የአክስት ልጅ ነው፤ ያኔ ግን እንደዚያ ተብሎ የተጻፈ ሰው የወንድም ወይም የእህት ልጅ ሊሆን ይችላል። «ሰን ኢን ሎው» አማች ብቻ አይደለም፤ የእንጀራ ልጅም ነው። «ጁኒየር» የተባለው የ«ሲኒየሩ» ልጅ ላይሆን ይችላል፤ በአንድ መንደር ሁለት ሞክሼዎች ካሉ ትልቁና ትንሹ ለመለየት ይባላል። የአጎቱን ልጅ ወንድሜ እያለ ላደገ ሰው ይህ ለመረዳት አይከብድም። «ኦርፋን» (ወላጅ አልባ) የተባለው ልጅ እናቱ በሕይወት ልትኖር ትችላለች፤ አባቱ ሞቶ ንብረት ካለው ሞግዚት ይሾምለታል። 14 ዓመት የሞላው ልጅ ሞግዚቱን ራሱ ይመርጣል፣ 21 ሲሞላው መሬቱን ይረከባል። ሞግዚት የመረጠበት ቀን ከተገኘ ዕድሜው ተገኘ ማለት ነው።

ቀኖቹ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አላቸው፤ እዚህ ላይ ግን ሐበሻ ከማንም ይሻላል። እስከ 1752 ድረስ በእንግሊዝ ግዛቶች አዲስ ዓመት የሚገባው ማርች 25 ቀን፣ በብሥራት በዓል ነበር። ስለዚህ በሜይ 1740 የተጻፈ ኑዛዜ በፌብሩዋሪ 1740 ጸደቀ የሚል መዝገብ ይገኛል። ስህተት አይደለም። ፌብሩዋሪ ከሜይ በኋላ ነው የመጣው፤ በዛሬው አቆጣጠር 1741 ነው። በ1752 ደግሞ ሴፕቴምበር 2 ውሎ በማግስቱ ሴፕቴምበር 14 ሆነ። በሁለት ካላንደር ለኖርን ሰዎች ይህ የዕለት ኑሮ ነው፤ ቀኑን እንዳለ ጽፎ አጠገቡ የዛሬውን ማስቀመጥ ብቻ ነው።

ኑዛዜ ከሌለ ፍርድ ቤቱ ውርስ አጣሪ ይሾማል። ብዙ ጊዜ መበለቲቱ ናት፤ አንዳንዴ ትልቁ አበዳሪ። አጣሪው ዋስ ይጠራል። ሦስት ወይም አራት ጎረቤቶች ገማች ሆነው ቤቱን ይዞራሉ። ያዩትን ሁሉ ይጽፋሉ፤ አንድ የላባ ፍራሽ፣ ሁለት የብረት ድስት፣ አሮጌ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ላም ከነጥጃዋ፣ የተሰበረ ወንበር። ገማቾቹ ከክፍል ክፍል እየዞሩ ከጻፉት የቤቱ ቅርፅ ሳይቀር ይታያል።

እና እዚያው መሃል፣ ከላሟና ከፍራሹ ቀጥሎ፣ የሰው ስም አለ። የመጀመሪያ ስም ብቻ። አጠገቡ ዋጋ። አንዳንዴ «ከነልጇ» የሚል።

ባልደረባዬና እኔ እዚህ ስንደርስ ለጥቂት ደቂቃ ምንም አልተባባልንም። አጻጻፉ ለላሟም ለሴቲቱም አንድ ነው። ግን የምትፈልጋቸው ሰዎች ያሉት እዚያ ነው። የልደት ወረቀት ያልነበራቸው፣ መሬት የማይሸጡ፣ ኑዛዜ የማይጽፉ ሰዎች ስማቸው የቀረው የሌላ ሰው ንብረት ተደርገው ስለተቆጠሩ ነው። በ1662 ቨርጂኒያ የልጅ ዕጣ በእናቱ ይወሰናል የሚል ሕግ አወጣች፤ እናቱ ባሪያ ከሆነች ልጁም። በ1705 ደግሞ በባርነት የተያዙ ሰዎች ለውርስ ጉዳይ እንደ መሬት እንዲቆጠሩ ተደነገገ። ስለዚህ ፍለጋው በእናት በኩል ይሄዳል፤ የሚፈለገውም የባለቤቱ ቤተሰብ ኑዛዜ፣ የንብረት ዝርዝር፣ የክፍፍል ወረቀትና ለልጁ ሰርግ የሰጠው የስጦታ ውል ነው።

አንድ የውርስ ጉዳይ ምን ያህል እንደሚጓዝ ለማየት ከዚህ ከአሌክሳንድሪያ አቅራቢያ፣ ማውንት ቨርነንን ማየት በቂ ነው። በ1757 ዳንኤል ፓርክ ከስቲስ የሚባል ባለጸጋ ያለ ኑዛዜ ሞተ። መበለቱ ማርታ ሲሶዋን አገኘች፤ መሬትም ሰውም። ሰዎቹ የእሷ አልነበሩም። እሷ እስክትሞት ትጠቀምባቸዋለች፣ ከዚያ ወደ ከስቲስ ወራሾች ይመለሳሉ። በ1759 ጆርጅ ዋሽንግተንን አገባች፤ ሰዎቹም ማውንት ቨርነን መጡ። እዚያ ከዋሽንግተን ሰዎች ጋር ተጋቡ፣ ወለዱ። የልጅ ዕጣ በእናት ነውና ከሲሶዋ ወገን የሆነች ሴት የወለደችው ሁሉ የከስቲስ ሆነ።

በ1799 ዋሽንግተን ኑዛዜውን ጻፈ። በዚያ ዓመት ማውንት ቨርነን ላይ 317 በባርነት የተያዙ ሰዎች ነበሩ። ነጻ ሊያወጣ የሚችለው የራሱ የሆኑትን፣ ከ120 ጥቂት የሚበልጡትን ብቻ ነበር። 153ቱ የከስቲስ ሲሶ ነበሩ። እነሱን እሱም ማርታም ነጻ ማውጣት አይችሉም። የዋሽንግተን ሰዎች በጃንዋሪ 1801 ነጻ ወጡ። ማርታ በ1802 ስትሞት ሌሎቹ ለአራቱ የልጅ ልጆቿ ተከፋፈሉ። ባል ነጻ፣ ሚስት ወደ አንዱ ወራሽ፣ ልጆች ወደ ሌላው። አንድ ሰው በ1757 ኑዛዜ ሳይጽፍ ስለሞተ፣ ያኔ ያልተወለዱ ልጆች ከ45 ዓመት በኋላ ከእናት ከአባታቸው ተለያዩ። ዛሬ ዘራቸውን የሚፈልጉ ሰዎች የሚጀምሩት ከእነዚያው ዝርዝሮች ነው።

ከየት ይጀመራል?

ከሚታወቀው ወደማይታወቀው። ከራስ ተነስቶ አንድ ትውልድ፣ አንድ ትውልድ እያሉ ወደ ኋላ። ታዋቂ ቅድመ አያት መርጦ ወደ ታች መውረድ ብዙ ሰው አጥፍቷል።

ፋሚሊሰርች የሚባለው ድረ ገጽ ነጻ ነው፤ አካውንት መክፈት ብቻ ነው የሚጠይቀው። በ2024 ደግሞ ትልቅ ለውጥ አመጣ። ኮምፒውተሩ የእጅ ጽሑፉን ራሱ እያነበበ በውስጡ ያለውን ማንኛውንም ስም ይፈልጋል፤ የተጀመረውም በአሜሪካ የመሬትና የውርስ መዝገቦች ነው። በፊት ማውጫው ላይ የሚገኘው የሻጭና የገዢ ስም ብቻ ነበር። አሁን ምስክሩ፣ ጎረቤቱ፣ በዝርዝር መሃል ያለችው ሴት ሁሉ ትገኛለች። ማሽኑ ይሳሳታል፤ ምስሉን ከፍቶ በዓይን ማየት ግድ ነው። የቨርጂኒያ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ስለ ጥቁር ቨርጂኒያውያን የተሰበሰቡ ሰነዶችን ለብቻ በኢንተርኔት አስቀምጧል።

የተቃጠለም አለ። በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ አንዳንድ ካውንቲዎች መዝገባቸውን ለደኅንነት ብለው ሪችመንድ ላኩ፤ በኤፕሪል 1865 ሪችመንድ ስትቃጠል አብሮ ነደደ። በዚህ ጊዜ የጎረቤት ካውንቲ ይታያል፤ መሬቱ ወሰን ላይ ከሆነ ሰውየው እዚያም ፈርሞ ይሆናል። ፓተንቶቹም የተቀመጡት ከካውንቲው ውጭ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ተርፈዋል። ፖቶማክና ራፓሃኖክ በሚባሉት ወንዞች መካከል ያለው መሬት ደግሞ የሎርድ ፌርፋክስ ቤተሰብ ግዛት ስለነበር የራሱ መዝገብ አለው።

ባልደረባዬ አሁን የምትፈልገው የራሷን የቤተሰብ ስም አይደለም። የባለቤቶቹን ስም ነው። በ1780ዎቹ በተጻፈ አንድ የንብረት ዝርዝር ላይ ቅድመ አያቷ ናት ብላ የምትገምታትን ሴት አግኝታለች፤ ስሙ ይመሳሰላል፣ የልጇም ስም ይመሳሰላል፣ እርግጠኛ ግን አይደለችም። ያቺን ሴት ሟቹ ከአባቱ ወርሷት ይሆናል። አባትየው ፌርፋክስ ከመፈጠሯ በፊት ሳይሞት አልቀረም። ስለዚህ የሚቀጥለው ቅዳሜ የምንሄደው ወደ ፕሪንስ ዊልያም መዝገብ ነው። ብዙ መጽሐፍ የጠፋባት ካውንቲ ናት፤ የተረፉትን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረን እናያቸዋለን።